ወንፊቱን መልሺልኝ

ባለፈው ኅዳር ውስጥ አንድ ማታ እናቴን «ለአመራር ሥልጠና ላመለክት ነው» አልኳት። ቡና እየቆላች ነበር። መቁያውን ከከሰሉ ላይ አነሳች፣ ቀና ብላ አየችኝና «ተሾምህ እንዴ?» አለች። ደስታና ሥጋት እኩል የተቀላቀሉበት ድምፅ ነበር።

አልፈርድባትም። በአማርኛችን «አመራር» ሥራ መሆኑ ቀርቶ ሰው ከሆነ ቆይቷል። «አመራሩ ስብሰባ ላይ ነው» እንላለን፤ «አመራሩ ሳይፈርም አይሆንም» እንላለን። ለእናቴ አመራር ሰው የሚመደብበት እንጂ ቅጽ ሞልቶ የሚያመለክትበት ነገር አይደለም። እኔ ያሰብኩት ግን በዲጂታል ጤና ላይ የሚሠሩ አፍሪካውያን ወጣቶችን መርጦ ለጥቂት ወራት የሚያሠለጥን፣ መጨረሻ ላይም ገንዘብ ካላቸው ሰዎች ፊት የሚያቆም ፕሮግራም ነው። አስረዳኋት። ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ «ታዲያ ማንን ልትመራ ነው?» አለችኝ።

«ማንንም።»

«ማንንም ሳይመሩ አመራር አለ?» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ ጠብቀው «እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ» ካሉኝ በኋላ፣ ሦስት ወር የተጓተተባቸውን የውኃ ቆጣሪ ጉዳይ እንዳልረሳላቸው አደራ አሉኝ። የእሳቸውን ነገር በሳቅ አሳለፍኩት። የእናቴ ጥያቄ ግን አብሮኝ ዋለ፤ አብሮኝም ከረመ።

ቅጹ በእንግሊዝኛ ነበር። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ከጎናቸው ቀይ ኮከብ አለባቸው፤ ኮከብ ያለበትን ሳይሞሉ ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍ አይቻልም። ስለ ትምህርት፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ድርጅት ከጠየቀ በኋላ ወደ ዋናው ነገር ይገባል፤ የመራኸውን ለውጥ ጻፍ፣ በቁጥር አሳይ። ሦስት ሆነን የሠራነውን ሥራ «እኔ መራሁ፣ እኔ አሰብኩ፣ እኔ አሳካሁ» እያልኩ ስጽፍ እጄ ይከብደኝ ነበር። «እኔ» በአማርኛ ሲደጋገም ጉራ ነው፤ በእንግሊዝኛው ቅጽ ደግሞ «እኛ» ብሎ መጻፍ ሥራውን ለሌላ ሰው እንደ መስጠት ይቆጠራል። ለቁጥሩ ግን አልተቸገርኩም። 412 እናቶች ነበሩን።

70 ፊደል

ሥራችን ቀላል ነው። ሀዋሳ ዙሪያ ካለ አንድ ጤና ጣቢያና በሥሩ ካሉ ጤና ኬላዎች ጋር ተነጋግረን፣ ለነፍሰ ጡር እናቶች የቅድመ ወሊድ ክትትል ቀናቸው ሲደርስ በስልካቸው አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚልክ ሥርዓት ሠራን። በይነመረብ አይፈልግም፤ ዘመናዊ ስልክም አይፈልግም። ተራ ስልክ ይበቃል። ይህን ስናስብ ብልሆች መስለን ነበር። የቀረውን ያስተማረን ፊደል ነው።

አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የግዕዝ ፊደላት በመልእክቱ ውስጥ የሚመዘገቡበት ስልት ለእያንዳንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ቦታ ይወስዳል። 71ኛዋ ፊደል ስትገባ መልእክቱ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል፤ ሒሳቡም የሁለት ይሆናል። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ስለሆነ እሱን ለመረጡ እናቶች ሰላምታውም ምስጋናውም ተመችቶት ገባ። አማርኛው ግን ጠበበን። የመጀመሪያው ረቂቃችን እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልን። የእርግዝና ክትትል ቀንዎ ነገ ስለሆነ ጠዋት ካርድዎን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው እንዲመጡ በአክብሮት እናሳስባለን።» ክፍተቱንና አራት ነጥቡን ጨምሬ ቆጠርኩት፤ 80 ነው። የእናትየዋ ስምና የጤና ኬላው ስልክ ገና አልገቡም።

ስለዚህ መቁረጥ ጀመርን። ሰላምታው ወጣ። ጠዋቱ ወጣ። አክብሮቱ ወጣ። በመጨረሻ የቀረው «ነገ የእርግዝና ክትትል ቀንዎ ነው። ካርድ ይዘው ይምጡ» የሚለው ሆነ፤ ስሟና ስልክ ቁጥሩ ሲጨመሩበት ከ70 በታች አረፈ። ያን ማታ ሦስታችንም እጅ ለእጅ ተመታተናል። «እርግዝና» የምትለው ቃል ለማናችንም ዓይን አልገባችም። «ነገ ቀጠሮዎ ነው» ብንል ይበልጥ ያጥር እንደነበር ያስተዋልኩት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። መልእክት ግልጽ መሆን አለበት የሚል ነገር አንብበን ነበርና ግልጽ አደረግነው።

ለማን ግልጽ? ይህን አልጠየቅንም።

የባሰው ደግሞ ጊዜው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር አንዲት ነፍሰ ጡር ከጤና ባለሙያ ጋር የምትገናኝበትን ጊዜ ቀድሞ ከነበረው ከአራት ወደ ስምንት ከፍ አድርጎታል፤ የመጀመሪያው ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የደም ግፊትም የደም ማነስም ቀድሞ ሲታወቅ ነው የሚረዱት። ነገር ግን በ12ኛው ሳምንት ሆድ አይታይም። ሴትየዋ ለእናቷ እንኳን ያልነገረችበት ጊዜ ነው። እኛ እንግዲህ ማንም በማያውቅበት ሰዓት «እርግዝና» የሚል ጽሑፍ ወደ ቤት እንልክ ነበር።

ስልክ ቤት ነው

ለቅጹ ፎቶግራፍ ያስፈልግ ነበር፤ ከአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች ጋር የተነሣሁት። በአንድ ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ይዤ በቱላ በኩል ወጣሁ፤ ከአስፋልቱ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ጤና ኬላው ከኋላው እንሰት፣ ከፊቱ ለክትባት ቀን የሚበቃ ጥላ ያለው አንድ ዋርካ አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን እኔ እታለም እላታለሁ፤ ስሟን እዚህ አልጽፍም። ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጣለች። ስደርስ ሕፃን እየመዘነች ነበር። ሚዛኑ ከጣሪያው ማገር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሕፃኑ በጨርቅ ሱሪው ውስጥ ሆኖ በአየር ላይ ይራገጣል፣ እሷ በአንድ እጇ ሆዱን እየነካካች በሌላው ትጽፋለች።

ካሜራዬን ሳወጣ ሳልጠይቃት «ታብሌቱን ልያዘው?» አለችኝ። ብዙ እንግዳ አይታለች። የሚመጣ ሰው ምን እንደሚወድ ታውቃለች።

ታብሌቱን ይዛ ተነሣች፤ አነሣኋት። ካሜራዬን መልሼ እየከተትኩ ሳለ ከመዝገቡ ላይ ቀና ሳትል፣ ሌላ ወሬ እንደምታወራ ሁሉ፣ «ያቺ ልጅ ቀርታለች» አለች።

«የቷ?»

«ያቺ ሁለት ጊዜ ያስወረዳት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ሁለት እርግዝና ጠፍቶባታል። በሦስተኛው ከእታለም በቀር ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏም ጭምር። ተስፋ ሰጥታ መልሳ ማሳዘን አልፈለገችም፤ አራተኛው ወር ይለፍ ብላ ነው። ስትመዘገብ ስልክ ቁጥር ተጠየቀች። ስልክ የላትም። የሰጠችው የባሏን ታናሽ ወንድም ቁጥር ነው፤ በግቢው ውስጥ ባትሪው የማይሞተው የእሱ ስለሆነ። መልእክታችን የደረሰው እሑድ ከሰዓት፣ ቡና ላይ ነው። ልጁ ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበው። አማቷ ሰማች፣ ጎረቤት ሰማ፣ ባሏ ልጅ ሊወልድ እንደሆነ ከታናሽ ወንድሙ አፍ ሰማ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይኼኛው ከአፍም አልወጣም፣ ከእኛ ሰርቨር ነው የወጣው።

ማንም አልመታትም፤ ማንም አላባረራት። እታለም ይህን ቀድማ የነገረችኝ ፊቴን አይታ መሰለኝ። ነገር ግን አማቷ «ከእኛ ደብቃ ለመንግሥት የነገረች» ማለት ጀመረች። ልጅቷም ወደ ጤና ኬላው የሚወስደውን መንገድ ተወችው። ምስጢሯን ያወጣው ማን እንደሆነ ለእሷ ግልጽ ነው። ቁጥር የሰጠችው ለእታለም ነው፤ ስለዚህ ያወጣችው እታለም ናት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ይህ ከሆነ ስድስት ሳምንት አልፎታል።

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችኝ። ሳትቆጣ ነው። ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ «ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን ስልክ እኮ ቤት ነው እንጂ ሰው አይደለም» አለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የ412 እናቶችን ቀጠሮ በደቂቃ የማውቅ ሰው ስለ ራሴ ሥራ የመጨረሻው ሰሚ እኔ ነበርኩ። የፕሮግራማችን ሰንጠረዥ ላይ ያቺ መልእክት በአረንጓዴ «ደርሷል» ተብላ ተመዝግባለች።

«አንቺ እንዴት ነው የምትጠሪያቸው?» ብዬ ጠየቅኳት። ከስንት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄዬ ይህ ይመስለኛል።

«ልጅ እልካለሁ። ‹እታለም ወንፊቴን መልሺልኝ ብላለች በላት› እለዋለሁ። ይገባታል።»

«ወንፊት ታበድሪያቸዋለሽ?»

«ኧረ እኔ ወንፊት የለኝም!» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ሕፃኗን አዝላ ልትወጣ የነበረች እናትም አብራ ሳቀች። እንግዲህ እሷም የወንፊቱ አባል ኖራለች። (ትክክለኛው ቃል ወንፊት አይደለም። ጽሑፉ የት እንደሚደርስ አላውቅምና ቀይሬዋለሁ። ይህን ያህል እንኳን ተምሬያለሁ።)

አሞራ ገደል

ያን ቀን ማታ መላኩን አቆምኩት። ለጓደኛዬ የነገርኩት ካቆምኩት በኋላ ነው፤ ይህም ሌላ ጥፋት ነበር። ሦስተኛችን አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ የቀረነው ሁለት ነን፤ ሁለት ሰው ደግሞ ሲጣላ ዳኛ የለውም። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚሸጥበት አሞራ ገደል ተገናኘን። ዓሣ ጥብስና ሾርባ አዘዝን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ልማዳቸው ራሰ በራቸውን ቀብረው፣ ፍርፋሪ እየጠበቁ፣ እንደ ውድድር ዳኞች ቆመው ያዩናል።

«ለአንዲት ሴት ብለህ 411ዱን አቋረጥክባቸው» አለኝ።

«አንዲት መሆኗን በምን አወቅህ?»

መልስ አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም። ሥርዓታችን መላክ እንጂ መስማት አያውቅም። የመልስ መቀበያ ቁጥር ገንዘብ ይጠይቃል ብለን ነበር የተውነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የጤና መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ያስጀመረው ሞምኮኔክት ለነፍሰ ጡሮች መልእክት በመላክ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን እዚያ እናቲቱ መልሳ መጻፍ፣ ነርሷ አመናጨቀችኝ ብላ መክሰስም ማመስገንም ትችላለች። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ማመልከቻ ላይም «ምሳሌያችን» ብለን ጠቅሰነዋል። የወሰድነው ግን የሚናገረውን ግማሹን ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ሞኝ አይደለም፤ ክፉም አይደለም። የተከራከረበት ነገር እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ካልተመረጥን ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ ከሌለ ሰርቨሩ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ መልእክቱ የጠቀማቸው ሴቶች፣ ካርዳቸውን ይዘው በቀኑ የመጡት፣ እነሱም ይቀራሉ። «ቅጹ ላይ 412 ብለህ ጻፍ፤ የቆመውን ከተመረጥን በኋላ እናስተካክለዋለን» አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ የአፍሪካን ጀግኖች ደረደረልኝ። ለልብ ሐኪም እጥረት ብሎ የልብ መመርመሪያ ታብሌት፣ ካርዲዮፓድን፣ የሠራው ካሜሩናዊው አርተር ዛንግ። ሌጎስ ላይ ላይፍባንክን አቋቁማ ደም ለሆስፒታል የምታደርሰው ቴሚ ጊዋ-ቱቦሱን። ወባን ያለ ደም ለመመርመር ማቲባቡን ከጓደኞቹ ጋር የሠራው ኡጋንዳዊው ብራያን ጊታ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ኢንጂነሪንግ የሚሰጠውን የአፍሪካ ሽልማትና 25 ሺህ ፓውንድ ሲወስድ ገና 24 ዓመቱ ነበር። «መድረክ ላይ ገመናቸውን ቢያወጡ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን ታውቅ ነበር?» አለኝ።

የጊታን ታሪክ እኔም አውቀዋለሁ። ወባ ታሞ፣ ደሙ ደጋግሞ እየተቀዳ በሽታው አልገኝ ሲለው ነው ነገሩን ያሰበው። መርፌው የተሰካው በራሱ ጣት ላይ ነው። «እኛ ግን አርግዘን አናውቅም» አልኩት። ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቁ ቀደመው፤ ሾርባው ትን አለው። አንዱ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ወደ እኛ ሁለት እርምጃ መጣ።

ሳቁ ጠቡን አልፈታውም። ነገር ግን አንድ ነገር አነሣ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ወገን አድርጎ መድቦታል፤ እኛም ስናስመዘግብ ፈቃድ እየጠየቅን፣ እናቶቹም እየፈረሙ ነበር። «ፈርማለች እኮ!» አለ። አዎ፤ ፈርማለች። ፈቃዱን የሰጠችው እሷ ናት፤ ስልኩ ግን የእሷ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃ ያወራነው ስለ ዓሣው ብቻ ነው።

ቅጹ ለእታለም

ቅጹ ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለምን እታለም አታመለክትም? በቀልድ አልነበረም። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና ዋርካው ሥር ቁጭ ብለን ጥያቄዎቹን እየተረጎምኩ አነበብኩላት።

«የጀማሪ ድርጅትሽ ስም?»

«ጤና ኬላ።»

«የተመሠረተበት ዓመት?»

እሷ ሥራ የጀመረችው በ1997 ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ገና አዲስ ሳለ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ አንድ ዓመት ሠልጥና። ለ5 ሺህ ሰው አንድ ጤና ኬላ፣ ለአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሴቶች ሲባል ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። የቤተሰብ ፎልደሩን በእጇ ጽፋለች፤ ጤና ሚኒስቴር የማኅበረሰብ ጤና መረጃውን ወደ ታብሌት ሲያዛውር ደግሞ ያንኑ መልሳ በጣቷ ነካክታለች።

«ስንት ሰው ትመሪያለሽ?»

አሰበች። «የአንድ ለአምስት ሴቶቹን ትቆጥራቸዋለህ?»

«ቁጠሪያቸው።»

«እንግዲያው ከመቶ ይበልጣሉ።»

«ባለፈው ዓመት ያጋጠመሽ ትልቁ ውድቀት?»

«የወደቅሁት እኔ ነኝ ወይስ የክትባት ማቀዝቀዣው?»

ይህን ሁሉ እየሳቅን ጻፍን። ከዚያ ዕድሜ መጣ። ዝርዝሩ ከ18 ጀምሮ 35 ላይ ያበቃል። ይህ ቁጥር ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የወጣቶች ቻርተር ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 35 ያለውን ነው። እታለም 38 ናት። ቀይ ኮከብ አለበት። 36 የሚል መስመር ስለሌለ ወደ ሚቀጥለው ገጽ አልሄድ አለ። አዲስ አበባ መቀመጫው የሆነው የአፍሪካ በሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 በኮፊ አናን ስም የጀመረው የአመራር ፕሮግራም ዕድሜን እንዲህ አያጠብም ብዬ እሱን አስታወስኩ፤ እሱ ግን የሚፈልገው በሕዝብ ጤና ከፍ ባለ ኃላፊነት ላይ የቆዩትን ነው። ለአንዱ በር አርጅታለች፣ ለሌላው በር ዝቅ ብላለች። መሀል ላይ በር የለም።

«ተወው፤ እኔ መቼ ጠየቅሁህ» አለችና ወደ ሥራዋ ተነሣች። ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ፤ ላላየችው ነገር አጓጉቻት ከለከልኳት። ይህን በማድረጌ ዛሬም አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ወጣቶች ዕድል አያስፈልጋቸውም እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ ሀያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አንድ ሰው በር ከፍቶልኝ አያውቅም፣ ቢከፈትልኝ እገባለሁ። የሚከነክነኝ ዕድሉ ሁልጊዜ መድረክ መሆኑ ነው፤ አምስት ደቂቃ፣ ማይክሮፎን፣ የምስክር ወረቀት፣ የቡድን ፎቶግራፍ። አንድም ጊዜ ወንበር ሆኖ አላየሁትም። ወንበር ስል ቅጾቹ የሚረቀቁበት፣ «ስልክ ቁጥር» የሚለው መስመር ሲጻፍ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «የማን ስልክ?» የሚልበት ወንበር ማለቴ ነው። ዛሬ በአገራችን የጤና ሪፖርት የሚተላለፍበት ዲኤችአይኤስ ሁለት መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው። አፓርታይድ ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲና የአገሩ ተመራማሪዎች ኬፕታውን ላይ ከጤና ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብለው የቱ ቁጥር ይሰብሰብ፣ የቱ ይቅር እያሉ ተከራክረው ነው ሥራው የተጀመረው። ሶፍትዌሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ያን ክርክር ለመቀላቀል የሚወዳደሩበት ቅጽ ቢኖር ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ እሞላው ነበር። እታለምን ግን ከሁላችንም በፊት አስቀምጣት ነበር።

ባዶው መስክ

ማመልከቻውን የላክሁት በመጨረሻው ሌሊት ነው፤ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጥቷል። በቁጥሩ ቦታ 412 ብዬ ጻፍኩ፤ «ያጋጠመህ ችግር» በሚለው ሥር ደግሞ የልጅቷን ነገር፣ ማንነቷን በማይገልጽ መንገድ፣ አገልግሎቱ ቆሞ እንደሚገኝም ጨምሬ አስቀመጥኩት። ጓደኛዬ አነበበው። «እኔን አታስገባኝ» አለ፤ ግን «ላክ» የሚለውን የተጫነው እሱ ነው።

ጥር ላይ መልስ መጣ። አልተመረጥንም። ደብዳቤው ጨዋ ነበር፤ የአመልካቹ ብዛትና ጥራት፣ በሚቀጥለው ዓመት እንድንሞክር። እውነቱን ስለ ጻፍን ነው ብዬ ራሴን እንደ ሰማዕት አላይም፤ እንግሊዝኛዬም ሊሆን ይችላል። ጓደኛዬ ለአንድ መድኃኒት ቤት የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርቶ ያገኘው ገንዘብ ሰርቨሩን እስከ ክረምት ያቆየዋል። «አላልኩህም?» ብሎኛል፤ አንዴ ብቻ። እናቴ ደግሞ አለመመረጤን ስትሰማ «ተመስገን» አለች።

መልእክቱን እንደገና የጀመርነው መጋቢት ላይ ነው። አሁን ስንመዘግብ አንድ ጥያቄ ጨምረናል፤ ስልኩ የማን ነው? ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ፤ መልእክቱ ምን እንዲል ይፈልጋሉ? ቃሉን እናቲቱ ራሷ ትመርጣለች፤ እታለም ትጽፈዋለች። 70 ፊደል ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። አንዷ የዕድር ነገር አስጻፈች። አንዷ ስለ በግ። አንዷ ከት ብላ እየሳቀች ባሏ ቢያነበው እንኳን ደስ የሚለው ነገር አስጻፈች፤ ምን እንደሆነ አልናገርም።

ያቺ ልጅ ወደ ጤና ኬላው አልተመለሰችም። ማታ ማታ እታለም ናት የምትሄድላት፤ የደም ግፊት መለኪያውን በነጠላዋ ሥር ይዛ። ባለፈው ሳምንት ስሄድ «ምዝገባዋን አድሰው ብላኛለች» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ታብሌቱን አነሣሁ። ስልክ? የዚያው ልጅ። መልእክቱ ምን ይበል?

«ምንም» አለች እታለም።

«ምንም ማለት?»

«ምንም አይበል። አይላክላት። እኔ እሄዳለሁ። ግን ከመዝገቡ አትጥፋ ብላለች።»

ቦታውን ባዶ ትቼ «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ። አልሄደም። እንደገና ተጫንኩ። ከመስኩ ጎን፣ በራሴ እጅ የጻፍኳት፣ አንዲት ቀይ ኮከብ በራች።

ዋርካው ሥር ላፕቶፔን ከፈትኩ። እታለም የሚቀጥለውን ሕፃን ሚዛኑ ላይ እስክትሰቅል ድረስ ኮከቧን አነሣኋት።